እናቴ የተረጎመችው ፊልም

ባለፈው እሑድ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሰባኪው በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም አለ፣ አስተርጓሚው ደግሞ ያንኑ በአፋን ኦሮሞ ተቀበለው፤ በሁለቱ ድምፆች መሃል ያለችው፣ ከአንድ ትንፋሽ የማትበልጠው ዝምታ እግሬን ያዘችኝ። ሰው ልጅነቱን የሚያስታውሰው በአንድ ሽታ ወይም በአንድ ዜማ ነው ይባላል፤ እኔ ግን በዝምታ ነው የማስታውሰው፣ ያውም በድምፅ ማጉያ በሚሰማ ዝምታ።

እናቴ፣ እኛ ልጆቿ አዮ የምንላት፣ ከነቀምቴ አጠገብ ያለችው የጉቴ ልጅ ናት፤ ያኔ በየእሑዱ ከሰባኪው ጎን ቆማ አማርኛውን ወደ አፋን ኦሮሞ ትመልስ ነበር። ሥራው ከደሟ ጋር ተዋሕዶ ስለነበር ቤት ውስጥም አማርኛ ሰምታ ዝም ማለት አትችልም ነበር፤ አባባ ገበታ ላይ ጨው አቀብሉኝ ሲል፣ አብራን ለምትኖረው ለእናቷ ለአኮ ትተረጉምላት ነበር፣ አኮም ነገሩ ለእሷ የታዘዘ እየመሰላት ተነሥታ ጨው ታቀብል ነበር። አባባ የወሎ ሰው ነበር፣ ተመድቦ ነቀምቴ የመጣ የሒሳብ መምህር፤ ከተማው ሁሉ መምህር ይለው ስለነበር ሚስቱም መምህር ትለው ነበር።

በአንድ ክረምት፣ በአማርኛ የሚሰብክና አዮ ታስተረጉምለት የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ቴሌቪዥኑን ከነቪዲዮ ማጫወቻው ትቶልን ሄደ፣ ከእሱም ጋር አንድ ካሴት። ከልጆች መጽሐፍ የተሠራ፣ ዘፈን የበዛበት የድሮ ፊልም ነበር፤ ነፋስ ከነቤቷ ጠራርጎ ወደ ማታውቀው አገር የወሰዳት ልጅ ታሪክ። ሌላ ካሴት ስላልነበረን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ካለ፣ እሱኑ እናይ ነበር። መጀመሪያው ቀለም የለውም፤ ልጅቷ እዚያ አገር ደርሳ በሩን ስትከፍት ግን ሁሉም ነገር ቀለም ይሆናል፣ አኮም በየሳምንቱ «ፈዬ» ትል ነበር፣ ዳነ ማለቷ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ታሞ የከረመ መስሏት።

አባባ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ይመልስና ያቆማል፣ አዮ ተቀብላ ለአኮ በአፋን ኦሮሞ ትላለች። ዘፈን ሲመጣ ሁለቱም ዝም ይሉ ነበር፤ አዮ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መዝሙር አይተረጎምም ብላ ስለምታምን፣ አባባ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ ስለማይገባው። በመጨረሻ ልጅቷ ወደ ቤቷ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ስትነቃ አንድ ጎልማሳ ከአጠገቧ ቆሞ ይታያል፤ ያኔ አባባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቷ ነው። ከዚህ ቤት ማንም ወጥቶ አይሄድም፣ አላት» ይል ነበር። አዮም ትቀበለው ነበር፦ «መነ ከነ ኬሳ ነምኒ ሂን በኡ።» እኔና ታናሽ እህቴ ይቺን ለመስማት ስንል ነበር በፊልሙ ውስጥ የምታስፈራንን ጠንቋይ ሁሉ የምንታገሣት።

መስከረም ሲገባ አባባ ወደ ደሴ ተዛወረ፤ ቤት ተከራይቶ በማንጎ ወቅት መጥቶ ይወስደናል ተባለ፣ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሞም ፊልሙን ያለ እኔ እንዳታበላሹት ብሎ ቀለደ። ማንጎው ደረሰ፣ በየመንገዱ ተከምሮ ተሸጠ፣ ዝንብ ወረሰው፣ አለቀ፤ ዝናቡም ተመልሶ ገባ፣ አባባ ግን አልመጣም። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ከደሴ ሲመለስ መምህር ሚስት አግብቷል አለ፣ አዮም ሰውየውን አመስግና በሩን ዘጋች።

በዚያው ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ራሷ ከፈተችው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ተዋናዮቹ ተናገሩ፣ አዮ ጠበቀች፣ የአባባ ዓረፍተ ነገር የምትፈጀውን ያህል ዝም አለች፣ ከዚያ በቃሏ የያዘችውን አፋን ኦሮሞ ተናገረች። አኮ ምንም እንዳልጎደለ ሁሉ «መምህር ምን አለ?» ትላት ነበር፣ እሷም ትነግራት ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ክረምቶች፣ ካሴቱ ተበጥሶ እስኪያልቅ ድረስ፣ እንደዚያው ነበር የምናየው፤ እኔም በዚያች ዝምታ ውስጥ የአባባን ድምፅ ከነወሎ አነጋገሩ እሰማው ነበር።

አድጌ እንግሊዝኛ ተማርኩ፣ እንጀራዬም የሰው ድርሰት መተቸት ሆነ። ስለ ተበላሸ ትርጉም የሚያማርሩ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ግን ትክክለኛ ትርጉም ሰው ሲያጽናና እስካሁን አላየሁም። ፊልሙን ፈልጌ በራሴ ጆሮ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጎልማሳው አጎቷ ነው። አባት በፊልሙ ውስጥ የለም። ከቤት ስለመውጣትም ያ ሰው የተናገረው ነገር የለም። አባባ አባት በሌለበት ታሪክ ላይ አባት ጨምሮ፣ አባት ካለበት ቤት ላይ ቀንሶ ሄደ፤ ለሒሳብ መምህር ስሌቱ አያስቸግርም።

ባለፈው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እንደተመለስኩ፣ ከሰዓት በኋላ ፊልሙን በላፕቶፕ ለአዮ ከፈትኩላት። አኮ ከሞተች ቆይታለች፣ እህቴም ሩቅ ናት፤ ክፍሉ ውስጥ ትርጉም የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ሆኖም እኔ አማርኛውን ስል እሷ ቀስ ብላ ትቀበለኝ ነበር። መጨረሻው ሲደርስ፣ «አጎቷ አልጋው አጠገብ ቆሟል» አልኩ።

አዮ አልተቀበለችኝም።

«አዮ፣ ሰውየው አባቷ አይደለም። አባባ ነው የጨመረው።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከፊልሙ ሳትነቅል። «ያኔም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ጠይቄያለሁ። አስተርጓሚ ግን የተነገረውን ነው የሚናገረው፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።»

ከዚያ ዝም አለች፣ ልክ የአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል፣ ቀጥላም ለሁለታችን ብቻ፣ «መነ ከነ ኬሳ ነምኒ ሂን በኡ» አለች።

ያኔ አንድ ካሴት ነበረን፣ ግማሹም አይገባንም ነበር፤ ዛሬ የፈለግሁት ፊልም ሁሉ ትርጉሙ ከሥሩ ተጽፎ ይመጣልኛል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ያኔ በአዮ ዝምታ ውስጥ የአባባ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ዛሬ እንግሊዝኛውን አንድም ቃል ሳይቀር ስለሰማሁት፣ የሱን ድምፅ አልሰማሁም። አዮ ግን፣ ስትጠብቅ ፊቷን አየሁት፣ አሁንም ትሰማዋለች።