ጀነሬተር ጠጋኙ ዲናሞና ዝምተኛው ሳጥን

ዲናሞ ነው የሚሉት። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ጀነሬተር ጠጋኝ ነው፤ መብራት ጠፋ ሲባል ሌላው ሲያማርር የሱ ፊት ይበራል። ሱቁ ኮሪደር ነው የምትመስለው፣ ጥብብ ያለች፤ ግድግዳው በናፍጣ ጭስ ጠቁሯል፣ ቡሎን ሳትረግጥ ማለፍ አይታሰብም። አሠራሩ ደግሞ የራሱ ነው። ምንም ነገር ከመፍታቱ በፊት የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ኩሽኔታው ነው ካለ፣ በቃ ኩሽኔታው ነው።

ታዲያ አንድ ሰሞን ትልቅ ነገር አሰበ። እሱና ልብስ ሰፊ ሚስቱ ለዓመታት ያጠራቀሟት ጥሪት አለች፤ በሷ ያገለገለ ትልቅ ጀነሬተር ገዝቶ ሊያከራይ። ሚስቱ ግን ልቧ አልቆረጠም።

"ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አዲሱ ባትሪ ነው" አለችው። "ከጨው ነው የሚሠራው አሉ። ጭስ የለው፣ ናፍጣ አይጠጣ። ነገ ሁሉም እሱን ቢገዛ ያንን የብረት ክምር ለማን ልናከራይ ነው?"

"ጨው መብራት ከሰጠ በርበሬው ምን ሊሰጥ ነው?"

"ሳቅ አንተ። እትዬ አስገብተዋል። ሄደህ እየውና እንወስናለን።"

እትዬ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ የዲናሞ የመጀመሪያ ደንበኛ። የሳቸው ጀነሬተር ስንቴ ሞቶ ስንቴ እንደተነሳ የሚያውቀው እሱ ነው። ሳይነግሩት ሌላ ነገር ማስገባታቸው ከንክኖታል። ቢሆንም ካቻቪቴውን ይዞ ሄደ።

የዳቦ ቤቱ የኋላ ክፍል መስኮት የለውም። አምፖሉ በርቷል፣ ማቡኪያው ይዞራል፣ ዱቄቱ አየሩ ላይ ይንሳፈፋል። የባትሪው ሳጥን ጥግ ላይ ቆሟል፤ ነጭ፣ ቁም ሳጥን የሚያክል። ዲናሞ እንደ ልማዱ ካቻቪቴውን ደግኖ ዓይኑን ጨፈነ። ዝም። ቦታ ቀየረ። አሁንም ዝም።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተሸውደዋል። ይሄ ሞቷል፣ ትንፋሽ የለውም።"

እትዬ ሊጡን ከጣታቸው እየጠረጉ አዩት። "ሞቷል?"

"ሞቷል። ለማንኛውም ፈትቼ ልየው" አለና ጎኑ ላይ ያለውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበው።

ማቡኪያው ቀጥ አለ። አምፖሉ ድርግም። ከጨለማው ውስጥ የእትዬ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ።

"የኔ ልጅ፣ መብራት እኮ አንተ በሩ ላይ ስትደርስ ነው የሄደው። ማቡኪያው በምን ሲዞር የነበረ መሰለህ?"

ጋጋሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ዲናሞ በዳበሳ ማጥፊያውን መለሰው፤ ማቡኪያው ካቆመበት ቀጠለ። አላጓራ፣ አላስነጠሰ፣ አላጨሰ። ዲናሞ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ፤ ከዚያ እሱም ሳቁ መጣበት።

"ግን እትዬ፣ ምናለ ቢነግሩኝ?"

"ታኮርፋለህ ብዬ ነዋ።"

"አኩርፌያለሁ እኮ።"

"እንግዲያው ኩርፊያህን ጨርስና አሠራሩን ተማር። ሻጩን ስንት ዓመት ይቆያል ብዬ ስጠይቀው 'እናያለን' ነው ያለኝ። ሲበላሽ ማንን ልጥራ? አንተን አይደል?"

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ አንድ ሳያስቀር ነገራት። እሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና "ታዲያ ጀነሬተሩ?" አለች።

"ይቅር። እትዬ ከተዉት ሌላውም ይተወዋል።"

"ባትሪውንስ አምጥተን ብንሸጥ?"

"ሻጩ ራሱ እናያለን እያለ? ከርሞ ደግሞ ከአሸዋ የሚሠራ መጣ ቢሉሽስ? ከምኑም ይሥሩት፣ መበላሸቱ አይቀርም። መጠገኛ ቦታ እናስፋ።"

እሷም ይሄ ገባት። በጥሪቷ ከሱቁ ጎን ያለችውን ክፍል ያዙና ግድግዳውን አስፈረሱ። ጭስ ያለው በዚህ፣ ጭስ የሌለው በዚያ። ዲናሞም ሻጩን ለምኖ ጠዋት ጠዋት እሱ ዘንድ መማር ጀመረ። አሁን ብታዩት ቴስተሩን ይዞ፣ ክዳኑ የተከፈተ ሳጥን ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ይሄ ሽቦ ወዴት ነው፣ ያኛውስ ለምንድነው እያለ ፋታ አይሰጥም።

"አንተ ሰው፣ ሻይዬን እንኳን ልጠጣ" ይለዋል ሻጩ።

"ጠጣ፣ ማን ከለከለህ። እየጠጣህ መልስልኝ።"