ልጄ ኽምጣኛ ስትለምድ

ቅናተኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባሌ ቀድሞኝ እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው። በልጅነቴ እናቴ የእህቴን ፀጉር ከእኔ በፊት ከሠራች ምሳ አልበላም ነበር። ካደግሁ፣ ትዳር ከያዝኩ፣ መድኃኒት ቤት ቆሜ ለሰው ኪኒን መቁጠር ከጀመርኩ በኋላ ይህ አመል የለቀቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም። ሰቆጣ ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ በአምስት ዓመት ልጄና በአማቴ መካከል ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ወልድያ ነው። ሰቆጣ የመጣሁት ለሥራ ሲሆን የቀረሁት ለባሌ ስል ነው። ባሌ እዚያው አካባቢ የደሃና ገጠር ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በኽምጣኛ ነው፣ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ሲገባ። እኔ ከኽምጣኛ የማውቀው መድኃኒት ቤቱ ያስተማረኝን ብቻ ነበር፤ ጠዋት ውሰድ፣ ማታ ውሰድ፣ ምግብ ከበላህ በኋላ፣ በውኃ ዋጠው። ከዚያ ካለፈ የሥራ ባልደረባዬን እጠራለሁ። በዚህ ኽምጣኛ ሰው ይታከማል እንጂ ሰው አይጫወትም።

አማቴን ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከገጠር አምጥተን እኛ ጋ አኖርናቸው። እኔም ልጄም «እማማ» እንላቸዋለን። አማርኛ ይችላሉ፤ ገበያ የሚያደርስ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ አማርኛ ነው። ቀልድ ግን አይቀልዱበትም። የእኔና የእሳቸው ጨዋታ «እንዴት አደሩ?»፣ «እግዜር ይመስገን»፣ «ምሳ ላቅርብ?»፣ «ኋላ ይደርሳል» ነበር። ከልጄም ጋር ከዚህ አያልፍም። ጠዋት ትስማቸዋለች፣ ይመርቋታል፣ ከዚያ ወደ እኔ ሮጣ ትመጣለች። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ለእኔ በጣም ተስማምቶኝ ነበር።

ታብሌቱን የላከችው ጅዳ የምትሠራው የባሌ እህት ናት። ለእረፍት ለምትመጣ የሰፈር ልጅ ሰጥታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ላከችው። ባሌ ደግሞ አስተማሪ ጓደኛው ጋ ወስዶ፣ ለሕፃናት ኽምጣኛ የሚያስተምር አፕ አስጫነበት። ኢንተርኔት አለመፈለጉ ደግ ነው፤ ቢፈልግ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ሥዕል ይመጣል፤ ፍየል፣ እንስራ፣ ጨረቃ። ልጄ ሥዕሉን ትነካለች፣ የአንዲት ሴት ድምፅ ስሙን ይናገራል፣ ልጄ ትደግማለች። በትክክል ከደገመች ታብሌቱ እልል ይላል፤ ከተሳሳተች ፍየሏ ትጮኻለች። «ጥሩ ነው፣ የአባቷን ቋንቋ ትወቅ» ያልኩት እኔው ነኝ። በሆዴ ግን ወጥ እስክሠራ አርፋ ትቀመጥልኛለች ብዬ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ በረንዳ ላይ ገብስ ይለቅማሉ። ልጄ ታብሌቱን ታቅፋ ወጣችና የሰፌዱን ስም በኽምጣኛ ጠራችላቸው። የእማማ እጅ ገብሱ ላይ ቀጥ አለ። ልጄ ደገመችላቸው። ሰፌዱን አስቀመጡና፣ እነዚያ ጉልበቴ፣ ጉልበቴ የሚሉት ሴት ብድግ ብለው አቀፏት። ከዚያ ዶሮዋን በጣታቸው አሳዩአት፤ ልጄ ስሟን ጠራች። የደጁን ድንጋይ አሳዩአት፤ ይህን ታብሌቱ አላስተማራትም፣ እሳቸው ነገሯት፣ ተቀበለቻቸው፣ እማማ እልል አሉ። ታብሌቱ እልል ሲል ምንም አይመስለኝም ነበር። እማማ እልል ሲሉ ግን ያ የድሮው አመሌ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እዚያው ቤቴ ውስጥ ሌላ ቤት ሠሩ። ታብሌቱ በሩን ከፈተ እንጂ ከበሩ ወዲያ ያለው ሁሉ የእማማ ነበር። ድሮ ከሥራ ስመለስ በር ላይ የምትጠብቀኝ ልጅ አሁን ከእማማ አልጋ ሳትወርድ «መጣሽ?» ትለኛለች፤ እንደ ጎረቤት። ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ፣ እኔ ስገባ ሳቁ ይቆማል። ባሌ «አይቆምም፣ ለአንቺ ነው የሚመስልሽ» ይላል። እኔ ጆሮ አለኝ፤ ይቆማል።

ልጄን ለብቻዋ ሳገኛት እይዛታለሁ።

«እማማ ምን አሉሽ?»

«ምንም።»

«ስትስቂ ሰምቼሻለሁ እኮ።»

«በአማርኛ አያስቅም እማዬ።»

እንዲህ ያለ መልስ ለጠላትም አይስጥ። ባሌን «ልጄ እየራቀችኝ ነው» ስለው፣ «ከአያቷ ጋር ብትጫወት ምን አለበት?» አለኝና ጫማውን መጥረግ ቀጠለ። ለሁለት ቀን አኮረፍኩት። እሱ ማኩረፌን ያወቀው በሁለተኛው ቀን ማታ ነው።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። ሰቆጣ መብራት ሲጠፋ ለመመለስ አይቸኩልም፤ ታብሌቱ ባትሪው አልቆ መደርደሪያ ላይ ተኛ። ደስ አለኝ። አሁን ትሰለቻለች፣ ወደ እኔ ትመለሳለች አልኩ። ማታውን ሻማ አብርቼ፣ ቆሎ ቆልቼ፣ «ነይ ተረት ልንገርሽ» ብዬ ጠራኋት። መጣች፣ ቆሎውን ዘገነች፣ ግማሹን ለእማማ ይዛ ሄደች። ተረቱን እዚያ ጨለማ ውስጥ በኽምጣኛ ሲነገራት ሰማሁ። መሀል መሀል ላይ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እሷ ትስቃለች። በሳምንቱ ትራሷን ራሷ ተሸክማ መኝታዋን ወደ እማማ አልጋ አዛወረች፤ ያኔ መብራቱ መጥቶ ነበር።

በታብሌት የመጣብኝን በታብሌት ልመልሰው አልኩ። ባልደረባዬን አስቸግሬ የእንግሊዝኛ አፕ አስጫንኩ። ዛሬ ልጁ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ የማይፈልግ ወላጅ የለም፤ በቅናት ነው የሚለኝ ሰው አይኖርም። ጥንቸል ትዘላለች፣ ትዘፍናለች፣ ቀለሙ ዓይን ይወጋል። የመጀመሪያ ቀን ልጄ ወደደችው። ጎኗ ተቀምጬ አብሬያት ቆጠርኩ፣ አብሬያት ዘፈንኩ፣ በጎን ደግሞ እማማን አያለሁ። እማማ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። በማግስቱ ልጄ ጥንቸሏን መሀል ዘፈን ላይ አቆመቻት።

«እማዬ፣ ይኼንን ከማን ጋር ነው የማወራው?»

«ከእኔ ጋር ነዋ።»

«አንቺ እኮ አማርኛ ትችያለሽ።»

ታብሌቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ወደ በረንዳው ሄደች።

ሌላ መላ ሳጣ ራሴ ተማሪ ሆንኩ። ልጄ ሕፃናት መዋያ ስትሄድ ታብሌቱን በቦርሳዬ ይዤ መድኃኒት ቤት እወስድና፣ በምሳ ሰዓት መደርደሪያው ኋላ ተቀምጬ አጠናለሁ። ፍየሏ ጮኸችብኝ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግማ ጮኸች። ባልደረባዬ እዚሁ አካባቢ የዝቋላ ልጅ ናት፣ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ተይ፣ ፍየል እየታረደ ነው ብለው ሰዎች ሳይመጡ» አለችኝ። ከጉሮሮ ቆንጠር ተደርጎ የሚወጣ ድምፅ አለ፣ እሱን የወልድያ ጉሮሮዬ እምቢ አለ። ልጄ በአንድ ከሰዓት የምታልፈውን እኔ ሳምንት እፈጅበታለሁ። ግን እልከኛ ነኝ፤ ቅናትና እልክ አንድ ላይ ሲሆኑ የትኛውም አስተማሪ የማይችለውን ያስጠናሉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከእነሱ ወሬ ውስጥ አንዳንድ ቃል መልቀም ጀመርኩ። ውኃ። እግር። ነይ። ዝም በይ፣ መጣች።

የባሌ ታናሽ ወንድም ሚስት ልትወልድ ስለነበር እማማ ለክረምት ደሃና ሊሄዱ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ስንቁን ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን ከሥራ ስመለስ ግን ከበረንዳው የማውቃቸውን ቃላት ሰማሁ። ቤት። ፍየል። ዝናብ። ቀጥሎ የልጄ ድምፅ፣ እሄዳለሁ። አንዴ ሳይሆን ደጋግማ ነው ያለችው፤ ያን ቃል ታብሌቱ እግሯን አንሥታ የምትራመድ ልጅ አሳይቶ አስተምሮኛል። ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።

«እማማ፣ ልጄን ይዘዋት ሊሄዱ ነው?»

ተያዩ። ልጄ በእጇ አፏን ያዘች።

«ሰማሽን?» አሉ እማማ። የገረማቸው መጠየቄ ሳይሆን መስማቴ ነበር። «ለባልሽ ነግሬዋለሁ። እሱ ይነግርሻል ብዬ ነው። እኔ ጋ ትክረም። ትምህርትም የለ።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

ምክንያት ሞልቶኛል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ይሞላል፣ ብርድ ነው፣ ገና ሕፃን ናት። አንዱም ከአፌ አልወጣም።

«እየወሰዱብኝ ነው» አልኩ። ማቆምም አልቻልኩም። «ከእኔ ጋር አትስቅም። ከእኔ ጋር አትተኛም። የምትናገረውን አልሰማም። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ እሷንም ወሰዱብኝ።»

ለአማት እንዲህ አይባልም። ወልድያ እናቴ ብትሰማ ትሸማቀቅ ነበር። እማማ ልጄን በዓይናቸው ወደ ውስጥ ሰደዷትና ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«የኔንስ?» አሉ።

አልገባኝም።

«የኔን ልጅ ማን ወሰደው? ድሮ ሲመጣ በኛ አፍ ያጫውተኝ ነበር። የሰፈሩን ሰው ሁሉ እያስመሰለ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ያስቀኝ ነበር። አንቺን ካገባ ወዲያ እኔን በአማርኛ ሁኗል የሚያናግረኝ። ‹እማዬ ደህና ነሽ፣ ምን ይምጣልሽ›፤ እንደ ቀበሌ ሰው። ለምን ስለው፣ እሷ አትሰማም፣ ይከፋታል፣ ነውር ነው አለኝ። ደግ አደረገ። እኔም ደግ አደረግህ አልኩት። አንድ ቀን ግን ወሰድሽብኝ ብዬ ጮህኩብሽ?»

እውነታቸውን ነው። ባሌ እኔ ባለሁበት ኽምጣኛ አይናገርም። አክብሮኝ ነው እያልኩ ለእህቴ በስልክ የማወራው ነገር ነበር። ያ ክብር ከማን ተቀንሶ እንደሚሰጠኝ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

«አልጮሁብኝም» አልኩ።

«አልጮህኩም» አሉና ወደ ገብሳቸው ተመለሱ።

ልጄ ሄደች። የላክኋት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ ግን እንዳይመስላችሁ። ልብሷን ስሸክፍ ለእያንዳንዷ ካልሲ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ታብሌቱን ሻንጣው ውስጥ ስከተው እማማ አወጡት። «ለእሷ እኔ አለሁላት። ይኸ ለአንቺ ይቅር» አሉኝ። ፌዝ ይሁን ምክር አልለየሁትም፤ ፊታቸው ላይ ግን ፈገግታ አይቻለሁ። መናኸሪያው ላይ ልጄ በቅጥቅጡ መስኮት አንገቷን አውጥታ በአማርኛ ተሰናበተችኝ፣ ከዚያ ለእማማ ዞራ በኽምጣኛ የሆነ ነገር አለች። እማማ ሳቁ፣ አውቶቡሱ ሄደ። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደሃና ከደረሱ በኋላ አንድ እሑድ ደወሉ። የስልክ ኔትወርክ ለማግኘት ከመንደሩ በላይ ያለው ዳገት ላይ መውጣት አለባቸው፤ ነፋሱ ይሰማል። ልጄ እየተቻኮለች አወራችኝ፤ ሕፃኑ ተወለደ፣ ወንድ ነው፣ ፀጉር የለውም፣ እማማ ጋ ነው የምተኛው። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። ከዚያ እማማ «ልጄን ስጪኝ» አሉ፣ ስልኩን ለባሌ ሰጠሁት።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ብሎ ጀመረ።

ክንዱን ያዝኩት። «በእናንተ አፍ» አልኩት። «እዚሁ ተቀመጥ፣ እዚሁ አውራት።»

አየኝ። እየቀለድኩ ነው ብሎ ጠበቀ። እንዳልሆነ ሲያውቅ ጉሮሮውን ጠረገና በኽምጣኛ ጀመረ፤ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ በየቃሉ ዓይኑን እኔ ላይ እየጣለ፣ የሰረቀ ሰው ይመስል። ቀስ በቀስ መኖሬን ረሳው። ድምፁ ቀጠነ፣ የሆነ ሽማግሌ እያስመሰለ ነው መሰለኝ ጀርባውን አጎበጠ፣ አገጩን አስረዘመ። ከዳገቱ ላይ የእማማ ሳቅ በስልኩ ጥሶ መጣ። ያኔ እሱም ሳቀ፤ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጭኑን እየመታ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው።

ከተጋባን ጀምሮ አብሬው ስኖር ያንን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። አንድም ቀን ለእኔ አልሳቀውም። ከወሬያቸው የለቀምኩት ፍየልና ዝናብን ብቻ ነው። በእናንተ አፍ አውራት ያልኩት እኔ ነበርኩ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ትንሽም ብሎኛል። ይልቁንስ ግን እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ፣ ክንዱን እንደያዝኩ፣ በአማቴ ቀናሁ።