የኋላ ግራ ፍሬን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አዲስ ቱታዬን ተኩሼ ለብሼ ሄድኩ። ሞጣ ያለው የተሽከርካሪ መመርመሪያ ጣቢያችን ያኔ የነበረው አንድ የፍሬን መለኪያና መኪና ከሥሩ የሚታይበት አንድ ጉድጓድ ነው። የቴክኒክ ኃላፊው አቶ አዳነ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ "የቢቸናዋ ልጅ፣ የመጣሽው ቢሮ ነው ወይስ ጉድጓድ?" አሉኝ።

"ጉድጓድ" አልኩና ወረድኩ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ውኃው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው። የወጣሁት ለምሳ ነው።

ረዳት መርማሪ ሆኜ ገባሁ፤ ከዚያ መርማሪ፣ አሁን ደግሞ ከፍተኛ መርማሪ ነኝ። ማዕረጉ ተለወጠ እንጂ ጉድጓዱ ያው ነው።

ወጣቶች፣ "ያገለገለች ትንሽ የቤት መኪና ልገዛ ነው፣ ምኗን ልይ?" ይሉኛል። ሻጭ የሚያሳየው ሁልጊዜ ሞተሯን ነው። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ያስነሳል፣ ድምጿን ስሙልኝ ይላል። እኔ ዘንድ ግን በሞተሯ የወደቀች ትንሽ መኪና ብዙም አላየሁም። የሚጥላቸው ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው ነገር ነው። በጉንደ ወይንና በመርጡለ ማርያም ኮረኮንች የምትመላለስ መኪና፣ መሪውን ከጎማ የሚያገናኘው ቴስቲናዋ ይላላል፤ ጎማውን በሁለት እጅ ይዘው ሲነቀንቁት እንደ ሕፃን ጥርስ ይወዛወዛል። አንዱ መብራት ጠፍቶ የሚመጣም ብዙ ነው። ለምርመራ ቀን ብቻ ደህና ጎማ የሚዋዋሱም አሉ። በአንድ ሳምንት ሁለት መኪና ላይ ያየሁትን ጎማ፣ "እንኳን ደህና መጣህ" ብዬዋለሁ።

የእጅ ፍሬኑማ አይነሳ። አገሩ ዳገት ሆኖ ሳለ በእጅ ፍሬን የሚተማመን የለም፤ ሁሉም ድንጋይ ይዞ ይዞራል። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ፣ "የእጅ ፍሬንዎ አይይዝም" ብላቸው፣ ከዕቃ መጫኛው ጠርብ ድንጋይ አውጥተው "ይሄ ይይዛል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መኪናቸውን ግን ጣልኳት።

ከሁሉም የማልረሳት የመምህር ከድርን መኪና ነው። መምህር ከድር የደሴ ሰው ናቸው፤ ቢቸና ፊዚክስ ያስተምራሉ። ባለቤታቸው ሲስተር ሩቅያ እዚሁ ሞጣ አዋላጅ ናቸው። ዝውውር ቢጠይቁ ቢጠይቁ አልሳካ ብሎ፣ ከተጋቡ ጀምሮ የሚገናኙት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ያችን ያገለገለች ትንሽ መኪና የገዙትም ለዚሁ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው በኦፕራሲዮን ተወለደና ሲስተር የወሊድ ፈቃድ ወጡ። እሁድ ቢቸና ገብተው በግ ታርዶ የሕፃኑ ስም ሊወጣ፣ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቷል። ለመጀመሪያ ጊዜም በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ ነው። የኦፕራሲዮን ቁስል ይዞ ደግሞ በሚኒባስ ተጨናንቆ አይኬድም። የመኪናዋ ቦሎ ስላለቀ መምህሩ ዓርብ ከሰዓት ለምርመራ አመጧት።

ታጥባ ታብረቀርቃለች፣ ሞተሯ አይሰማም። ፍሬን መለኪያው ላይ ስትወጣ ግን የኋላ ግራው ጎማ ምንም አልያዘም። ጉድጓድ ወርጄ በባትሪ አየሁ። ፍሬኑን ከሚሸፍነው ታምቡር የፍሬን ዘይት እየወረደ ጎማውን አርሶታል። ውስጥ ያለችው ትንሿ ፓምፕ እያፈሰሰች የፍሬን ሸራውን ዘይት አጠጥታዋለች። በዚያ ጎማ በኩል የእግሩም የእጁም ፍሬን የሚይዙት በዚያው ሸራ ነውና ሁለቱም የሉም ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ድንገት ቢረግጡት መኪናዋ ወደ ቀኝ ትስባለች።

"ወድቃለች" አልኳቸው።

"እናንዬ፣ ይች መኪና ከቢቸና ሞጣ ስመላለስ አንድ ቀን አቁማኝ አታውቅም።"

"እኔም የጣልኳት አልቆም ብላ ነው፣ መምህር።"

አቶ አዳነ ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም።

አቶ አዳነ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። "ማን እንዳዋለደሽ ረሳሽው?" አሉኝ። አልረሳሁም። የበኩር ልጄን ሳምጥ ሲስተር ሩቅያ ተረኛ እንኳ አልነበሩም፤ እስክገላገል ግን ከአጠገቤ አልሄዱም።

"ቀስ ብለው ይሂዱ፣ ሰኞ ያሠሩታል። ሰው እኮ ነን" አሉ አቶ አዳነ።

"እኔ አልፈርምም። ከፈለጉ እርስዎ ይፈርሙ።"

አቶ አዳነ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቢሮ ገቡ። መምህሩ ለባለቤታቸው ደውለው ስልኩን አቀበሉኝ። ፈርቼ ነበር፤ ከማንም ይልቅ እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም።

"እናንዬ፣ ለእኔም እንዲህ ነው?" አሉ ሲስተር። ሕፃኑ አጠገባቸው ያለቅሳል።

"ሲስተር፣ ያኔ ሳምጥ ልግፋ ብዬ ለምኜዎት ነበር። ያስታውሳሉ?"

"ሰድበሽኝም ነበር።"

"ምን አሉኝ?"

"ገና ነሽ፣ አትግፊ።"

"መኪናዋም ገና ናት።"

ሕፃኑን እሽሩሩ ሲሉት ሰማኋቸው። ከዚያ፣ "ስልኩን ለከድር ስጪው" አሉኝ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። መምህሩ ስልኩን ከዘጉ በኋላ የጠየቁኝ፣ ዛሬውኑ የሚሠራ ጋራዥ የት እንዳለ ነው።

ዕቃው ሞጣ አልተገኘም፤ ከባሕር ዳር እስኪመጣ እሁድ አለፈ። መምህሩ ብቻቸውን በሚኒባስ ቢቸና ሄደው ለተጠራው ሰው ሁሉ፣ "እናትና ልጅ አልመጡም" እያሉ ሲያስረዱ ዋሉ። ይህን ሳስብ አሁንም አዝናለሁ። መኪናዋ ተሠርታ ስትመለስ ጉድጓድ ወርጄ ሁሉንም ከፊት ጎማ ጀምሬ እንደ አዲስ መረመርኩ። መምህሩ ቆመው አዩኝ እንጂ አላናገሩኝም። አለፈች፤ በማግስቱ ሦስቱም ሄዱ።

በዚያ ፍሬን ሄደው ቢሆን ምናልባት በሰላም ይገቡ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ እየነዳ ይገባል። ምናልባት ላይ ግን አይፈረምም።