የደም መጣጩ ልጅ

ትናንት ጎብዬ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ፊልም ጀመረ። ወዲያው አወቅኩት። ደም መጣጩ ከሞተ በኋላ ሴት ልጁ የምትመጣበት ሁለተኛው ክፍል ነው።

በልጅነቴ ቆቦ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መስኮቱን በጆንያ ሸፍነው ይህንኑ ፊልም አሳይተውን ነበር። እኔ ተማሪ አልነበርኩም፤ እንግሊዝኛን ከመድኃኒት ካርቶንና ከመንገደኛ ሾፌሮች ራሴ ነኝ የለቀምኩት። እንደኔ ያለ ጭንቅላት ራያ ላይ አልበቀለም። ቆሜ ለሰዉ ተረጎምኩ፦ "የአባቷን ሬሳ እያቃጠለች ነው! ከእርግማኑ ልትገላገል!"

ሰዉ በሳቅ አውካካ። እናቴ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ "እሷስ ሬሳ አገኘች" አለች። አባቴ ለንግድ አፋር በረሃ ወርዶ በዚያው ቀርቶ ነበር፤ ሬሳው ስላልተገኘ ልብሱን ዘርግተን ነበር ያለቀስነው። እኔ ግን ፊልሙ ያስፈራት መስሎኝ፣ "አይዞሽ፣ ውሸት እኮ ነው" አልኳት።

ልጄም በዚያው በረሃ አቋርጦ ሳዑዲ ሊገባ ከሄደ ወዲህ ድምፁን ሰምተን አናውቅም። ሚስቴ ልብሱን አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች፤ ማንም እንዲዘረጋው አትፈቅድም።

ቴሌቪዥኑ ላይ የደም መጣጩ ልጅ እሳቱን ስትለኩስ የሻይ ቤቱ ጎረምሶች ወደኔ ዞሩ። "ጋሼ፣ ምን እያለች ነው? እንግሊዝኛው የእርስዎ አይደል!"

"እንግሊዝኛ አላውቅም" አልኳቸው።