ካልሲ ውስጥ የከረመው ካርድ

ነገሩ ሁሉ የፈጀብኝ የሱቄን አንድ ሙሉ መደርደሪያ ዕቃ፣ መርሳ ላይ አንድ የገበያ ቀንና «እሱን ማን ያታልለዋል» የሚባለውን ስሜን ነው። የከነከነኝ የመጨረሻው ነው።

መርሳ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ቻርጀር፣ ኤርፎን፣ ሽፋን። ኦሪጅናሉን ቻርጀር ከፎርጅዱ በማሽተት እለያለሁ። ደንበኛ ብር ሲዘረጋልኝ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ነው፣ ብሩን ቀጥሎ። ይህን ያስተማረኝ አስፋልቱ ነው፤ ክፍያውንም አስቀድሞ ነው የተቀበለኝ።

ወልድያ ላይ ፎቶ ቤት ያለው ሰውዬ አንድ ቀን የስልክ ሽፋን ሊገዛ ገባና ወሬ ጀመረ። ሰርግ በዝቶበታል፤ በእኛ ወረዳ፣ በሀብሩ በኩል ረዳት አጥቷል።

«ካሜራ ከገዛህ አስተምርሃለሁ፣ አብረን እንሠራለን» አለኝ።

«አንተስ ምን ልታገኝ?»

«ሁለት ቤት በአንዴ መቆም አልችልማ! እኔ ወንዱ ጋ፣ አንተ ሴቷ ጋ።»

ያለ ጥቅሙ ወንበር የሚስብልኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢሆንም የአንዱን መደርደሪያ ዕቃ በጅምላ ለጎረቤት ሱቅ ለቅቄ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። ጥርጣሬና ስስት አንድ ሆድ ውስጥ ሲያድሩ ፍራሹን የሚይዘው ስስት ነው።

ጥቂት ሰርግ ላይ መብራት ስይዝለት፣ ቦርሳ ስሸከምለት፣ «ፈገግ በሉ» ስልለት ከረምኩ። ከዚያ ለብቻዬ ሊልከኝ ሆነ። ሙሽራዋ ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ናት፤ ሙሽራው የውርጌሳ ነው።

«ይህን ቀን ካወጣኸው የሀብሩ ሰርግ ሁሉ ያንተ ነው» አለኝ። «ካበላሸኸው ወደ ቻርጀርህ።» ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ካሜራዬ ውስጥ ጨመረልኝ። «ካርዱ የኔ ነው። ስትጨርስ በቀጥታ ለኔ፤ ለሌላ ለማንም።»

እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። ፎቶው እሱ እጅ ከገባ በኋላ «አይረባም» ቢለኝ በምን እከራከረዋለሁ? ደግሞስ መንገድ ላይ ካሜራውን ቢመነትፉኝ? ካርዱን ከካሜራው አውጥቼ ግራ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት። ቢሰርቁኝ እንኳ ካርዱ ይተርፋል ብዬ። ገና ምንም ያልተነሳበት ባዶ ካርድ መሆኑ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

በግራናው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቦርሳዬን ደጋግሞ አየው። እኔም እሱን አየሁት። ሲወርድ «ወንድሜ፣ ዚፕህ ተከፍቷል» ብሎኝ ሄደ። ዚፑን ማን ከፈተው? ይህን ጥያቄ እስካሁን አልዘጋሁትም።

ሰርግ ቤቱ በር ላይ የሙሽራዋ አክስት ቆመው ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እናቴ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ፎቶ አንሺው አንተ ነህ? የወልድያውስ?»

«እሱ ውርጌሳ ነው፣ ሙሽራው ጋ።»

«እህ» አሉ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ መዘኑኝ። «ስልክህን አምጣ።»

«ለምን?»

«የሰው ልጅ ፎቶ በቴሌግራም ሲዞር አይተናላ! ሙሽራዋ ጓዳ ገብታ ከእናቷና ከእኔ ጋር ፊቷን ገልጣ ትነሳለች፤ በካሜራህ ብቻ። ፎቶው ለአባቷ ቤት ነው፣ ለስልክህ አይደለም።»

ስልኬን ሰጠሁ፤ አጥፍቼ። ስንት ባትሪ እንደቀረኝ እንኳ እንዲያውቁብኝ አልፈለግሁም። ከዚያ ወደ ቁልቋሉ አጥር ሄድኩ፤ ግራ ቀኝ አየሁ፤ ጎንበስ ብዬ ካርዱን ከካልሲዬ አወጣሁና ካሜራው ውስጥ ጨመርኩት። ማንም አላየኝም።

ጓዳ ስገባ ሙሽራዋ ተቀምጣለች፤ ቀይ ሻርፕ ፊቷ ላይ እንደወረደ ነው።

«እናቴ፣ ፊቷን ትገልጣለች አልተባባልንም?»

«አፈረች» አሉ አክስትየዋ።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«እሷ ትፈር፣ አንተ አንሳ።»

ዋጋ ሊያስቀንሱ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ነገ «ፊት የሌለው ፎቶ» ብለው ሊከራከሩ። ስለዚህ በብዛት አነሳሁ። ከእናቷ ጋር፤ ከአክስቷ ጋር፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ባነሳሁ ቁጥር በሩ ላይ የተኮለኮሉት ሴቶች በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሱሪዬ ተቀዶ እንደሆነ ብዬ ከኋላ ዳበስኩ። ደህና ነው። እናትየዋም ልጇን ልትሸኝ የተቀመጠች አትመስልም፤ ዕንባዋን የምትጠርገው ከሳቅ ነው። የወሎ ሰው ደስታው ብዙ ነው ብዬ አለፍኩት።

አጃቢው ጡሩምባውን እያንባረቀ ከውርጌሳ ደረሰ። ባለፎቶ ቤቱ ከፊተኛው መኪና ወርዶ በቀጥታ ወደኔ መጣ።

«አወጣኸው?»

«ማሻአላህ የሚያሰኝ ነው» ብዬ ካሜራውን ሰጠሁት።

ፎቶዎቹን አሳለፈ፣ አሳለፈ፣ ቆመ።

«እጇ» አለ።

«እጇ ምን ሆነ?»

«ሂናው የታለ? ያለ ሂና የምትዳር የሀብሩ ልጅ ከየት አገኘህ?»

አየሁት። ሂና የለው፣ ቀለበት የለው፤ ልብስ ሲያጥብ ያረፈደ የሚመስል እጅ። ቻርጀር በማሽተት የምለየው ሰውዬ ያን ሁሉ ፎቶ ሳነሳ የጠረጠርኩት ሱሪዬን ነው።

እኛ እንዲህ ስንል እውነተኛዋ ሙሽራ ከጓሮው ቤት በእልልታ ወጣች፤ እስከ ክንዷ በሂና ተጥለቅልቃ። ባለፎቶ ቤቱ ሮጦ መውጫዋን ደረሰበት። በእናቷ ቤት ከእናቷ ጎን የተቀመጠችበት ግን አለፈ። ያ የኔ ሥራ ነበር፤ አይደገምም።

አክስትየዋ ስልኬን ሊመልሱልኝ መጡ።

«እናቴ፣ ያችኛዋ ማን ነበረች?»

«የጎረቤት ልጅ። ጨዋ ናት፣ ዝም ብላ ተቀመጠችልህ።»

«ምን በደልኳችሁ?»

«አጥሩ ሥር ጎንበስ ብለህ ከካልሲህ ስታወጣ አየሁህ። ስልኩን ሰጥቶ ሌላ ነገር ካልሲው ውስጥ ለሚይዝ ሰው የወንድሜን ልጅ ፊት ልገልጥ?»

«የካሜራው ካርድ ነው እኮ፣ ወላሂ! ሌባ ፈርቼ ነው የደበቅኩት።»

«እኔም ሌባ ፈርቼ ነው የደበቅኳት» አሉ።

ባለፎቶ ቤቱ ካርዱን ከካሜራው አውጥቶ እጄ ላይ ጣለው። «ያዘው። የጎረቤት ልጅ አልበም ምን ይሠራልኛል? አንተም ወደ ቻርጀርህ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ይወሰድብኛል ብዬ ስሳቀቅበት የዋልኩትን ካርድ ማንም አልፈለገውም።

እንዲህ ብዬ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን አክስትየዋ መርሳ ሱቄ ድረስ መጡ። አልተቀመጡም።

«ያች ልጅም የሰው ልጅ ናት፤ ካርዱን ስጠኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

«ሌላ የደበቅከውስ?»

ግራ ጫማዬን አውልቄ ካልሲዬን አሳየኋቸው።

«ቀኙን» አሉ።

ቀኙንም አወለቅኩ። ጎንበስ ብለው አይተው ሄዱ።

መደርደሪያው ባዶ ነው። ካሜራው መስታወቱ ውስጥ ለሽያጭ ተቀምጧል። ካርድ የለውም።