የፓኦራ ትርታ

ጋሼ ፓኦራ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ስማቸው ግን ዛሬም ከዩኒቨርሲቲው የጋራ ኮምፒውተር የሥራ ወረፋ አልወረደም። ሳይሞቱ ያስጀመሩት ረጅም ስሌት አለ፣ ማን ደፍሮ ያቋርጠው? ራዊንያ ጠዋት ቢሮ ስትገባ «ፓኦራ፦ በመሥራት ላይ» የሚለውን ታያለች።

«ሽማግሌው ሞተውም ወረፋ ይሻሙናል» ይላል አጠገቧ የሚቀመጠው ላክላን። እሱ እንደሆነ አፉ አያርፍም።

ራዊንያ የጋሼ ፓኦራ ተማሪ ነበረች፤ ሙያዋም የእሳቸው፣ ጨለማ ቁስ ነው፤ በዓይን የማይታየው፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቀው። እሳቸው እንደሚሉት የዚህ ቁስ ቅንጣት ከመቅለሏ የተነሳ ጋላክሲ የሚያህል ማዕበል ናት። ማዕበሉ በራሱ ስበት ተሰብስቦ የማይበተን እብጠት ይሆናል፤ ሶሊቶን ይሉታል። ዓይቶት የሚያውቅ የለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሕዋን ቁራጭ የሚወክል ሳጥን ሠርተው ነው የሚያሳድጉት። ጋሼ ፓኦራ ታዲያ የሶሊቶኑ ልብ ጸጥ ካለ በኋላ እንደገና ሲመታ አገኙ፤ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ያሉ ባልደረቦቻቸው ሁሉ «የፓኦራ ትርታ» አሉት። ሚስታቸው እትዬ ንጋይሬም እንደ አገራቸው ልማድ በሙት ዓመቱ በሚገለጠው የመቃብር ድንጋይ ላይ «የጨለማውን ልብ የሰማ» ተብሎ እንዲቀረጽ አዘዙ።

ራዊንያ ልታከብራቸው ብላ የትርታውን ስሌት ደገመችው። ሳጥኑን ሰፋ አደረገችው፤ ትርታው ዘገየ። አሁንም አሰፋችው፤ ይባስ ዘገየ። ያኔ ነገሩ ገባት። በእነሱ ሳጥን በቀኝ የወጣ ማዕበል በግራ ይገባል፤ ስሌቱ እንዲቀል ተብሎ ነው፣ ጀማሪ እንኳ እንዲጠነቀቅ ይነገረዋል። ሶሊቶኑን ያንቀጠቀጠው ሲፈጠር ራሱ የረጨው ማዕበል ነበር፤ ዞሮ መጥቶበት፤ በእውነተኛው ሰማይ የሌለ ትርታ።

ምነው ጋሼ፣ ይኼንን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? አለች በሆዷ።

ድንጋዩ ሳይቀረጽ መናገር ነበረባት። እትዬ ንጋይሬ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ማንገሬ ሄዳ፣ ወጥ ቤታቸው ተቀምጣ፣ የቀረበላትን ዳቦ ሳትነካ ሁሉንም ዘረገፈችው።

«እና የሰማው የራሱን ድምፅ ነው?» አሉ እትዬ ንጋይሬ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሳጥኑ ሲሰፋስ ይመለሳል?»

«ይመለሳል፤ ግን ይቆያል።»

«በጣም ቢሰፋስ?»

«ያን ጊዜ እንደወጣ ይቀራል።»

አሮጊቷ ዳቦውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። «እንግዲያው አታስፊው፣ ልጄ።»

ራዊንያ እንባዋ መጣ። «አስፍቼዋለሁ፣ እትዬ።»

እትዬ ንጋይሬ ስልክ አንስተው ለድንጋይ ጠራቢው ደወሉ። «ስሙን ብቻ ጻፍበት» አሉት። ሰውዬው እሺ ብሎ ዘጋ። እሳቸው ግን የሄደ ድምፅ ዞሮ እንዲመለስ እንደሚጠብቁ ሁሉ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ቆዩ።