የባልንጀራ እንስሳት ሕግና የመምህርት መሰለች አህያ

ጆቴ በአዳማ የጋሪ ፈረሶችን የሚያክም የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። ረዳት መሆኑን ደጋግሞ ቢናገርም ከተማው «ዶክተር» ይለዋል፤ ሰውን ማረም ሰልችቶት ትቶታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሃፍሳ የፎቶኮፒ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ጨዋታ ይመራል። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። ጆቴ አንድ የምናብ ዓለም ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ በዚያ ዓለም የሚኖሩ አስማተኞችና ጦረኞች ይሆናሉ፤ የሞከሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱን ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወስናል። እያንዳንዳቸውም አብሯቸው የሚዘምት አንድ እንስሳ አላቸው።

የእንስሳቱን ሕግ የጻፈው ጆቴ ራሱ ነው። ከኢንተርኔት ያገኘው የባሕር ማዶ መጽሐፍ፣ እንስሳው ቢሞት ጌታው በማግስቱ በድግምት መልሶ እንዲጠራው ይፈቅዳል። ከጭነት ብዛት ጉልበታቸው የከዳቸውን ፈረሶች በየቀኑ በእጁ የሚዳስስ ሰው ይህን ሊቀበል አልቻለም። ስያሜውም አስቸግሮ ነበር። ባለባጃጁ ሚኪያስ «ውቃቢ እንበለው» ሲል ሃፍሳ «እኔ ቤት ውቃቢ አይገባም!» ብላ አስቆመችው፤ ስለዚህ «ባልንጀራ» ተባለ። ከአሥራ አንዱ አንቀጾች ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦ «ባልንጀራው ከከፍታ ሲወድቅ ዳይሱ ከአምስት በታች ከወጣ ይሞታል። የሞተ አይመለስም።»

ሕጉ ለማንም አላደላም። ባለፈው ወር የሚኪያስ ጅብ ከገደል ወደቀ፤ ዳይሱ ሦስት ወጣ። ሚኪያስ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ፤ ጆቴ ፍንክች አላለም።

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የመምህርት መሰለች ሆነ። መምህርቷ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ከወለንጪቲ በሚኒባስ የሚመጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። «ሸጌ» የምትባለው አህያቸው ዓመት ከሁለት ወር አብራቸው ዘምታለች፤ ዘማቹ ጓድ ባረፈ ቁጥር «መጀመሪያ ለሸጌ ገለባ» ሳይሉ ቀርተው አያውቁም። በሚፈላ ሐይቅ ላይ የተዘረጋው የገመድ ድልድይ ከሸጌ ሥር ተበጠሰ። ዳይሱ ተንከባለለ። ሁለት።

«ሞተች» አለ ጆቴ፣ ዓይናቸውን ላለማየት አቀርቅሮ።

መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እስቲ ሕጉን አንብብልኝ።»

አነበበላቸው።

«‹ይሞታል› ማለት ለወንድ ነው። ሸጌ ደግሞ ሴት ናት። የሴት ባልንጀራ አሟሟት በሕግህ የት ተጻፈ?»

ሃፍሳ በሳቅ ፈረሰች። ሚኪያስ ከወንበሩ ተነሣ። «ኧረ ቲቸር! በሰዋስው የዳነች አህያ ዛሬ አየሁ! የኔ ጅብ ሲሞት የት ነበሩ?»

«ያንተማ ወንድ ነበር፣ ልጄ። ሕጉ በሚገባ ይመለከተዋል።»

ጆቴ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። አሥራ አንዱም አንቀጽ በወንድ አንቀጽ ተጽፏል። እርሱ ዘንድ የሚመጡት የጋሪ ፈረሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ናቸውና፣ የሕክምና ካርድ እንደሚሞላ ሕጉንም እንዲሁ ሞልቶታል። «ሐሳቡ ግልጽ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ከዚህ የከፋ ጽሑፍ ጽፈው በዚሁ ቃል የሚያልፉ ሹማምንት ብዙ ናቸው። ጆቴ አላለፈም። ይህ ከማንም ሰው የሚጠበቅ ግዴታ ስለሆነ ልዩ ሙገሳ አያሻውም፤ ነገር ግን ግዴታውን የሚፈጽም ሰው ማየት ደስ ያሰኛል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ያጠፋ ሰው ደግሞ አይፈርድም። በዚህ ሕግ ባልንጀራውን ያጣ ሰው አለ፤ እሱ ይፍረድ።»

«እኔ?» አለ ሚኪያስ። «ጅብ ለአህያ ሊፈርድ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ መምህርቷ ግን አልሳቁም። ሚኪያስ ዳይሱን አንሥቶ በመዳፉ አገላበጠው። የራሱ እንስሳ እንደማይመለስ ያውቃል፤ በሸጌ ላይ ቢፈርድ የሚወቅሰው አልነበረም።

«ጅቤ በሕይወት ቢኖር ይበላት ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሱ ስለሌለ፣ ትኑር!»

መምህርቷ ተነሥተው ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት። «ተባረክ! ጅብ ሁሉ እንዳንተ ይሁን!» ያጣውን ሳያገኝ ለሌላው የሚተው ሰው በየቅዳሜው አይገኝም።

«ቶሌ» አለ ጆቴ ፍርዱን ተቀብሎ፤ እስክሪብቶም ጠየቀ።

«ቆይ ዶክተር!» ሚኪያስ እጁን ያዘው። «ሳታርመው አዲስ እንስሳ ልምረጥ። እንስት ጅብ!»

«የኔም ጭልፊት ሴት ናት፤ ዛሬ ነው ያወቅኩት» አለች ሃፍሳ።

«ዘገያችሁ» አለ ጆቴ፤ «ይሞታል» ከሚለው አጠገብ «ወይም ትሞታለች» ብሎ ጨመረ።

መምህርቷ ወረቀቱን ነጥቀው በመነጽራቸው መረመሩት። «‹ባልንጀራው›ስ? ‹ሲወድቅ›ስ? እንዲህ እየለጠፍክ አይሆንም፤ እንደ አዲስ ጻፈው። አሥራ አንዱንም!»

ዶክተር የሚባለው ሰው እንደ አራተኛ ክፍል ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ጀመር፤ ሦስቱም ከትከሻው በላይ ቆመው በእያንዳንዱ ግሥ ላይ እየተሳሳቁ ይከራከሩ ነበር። የዚያን ቀን ሐይቁን የተሻገረ ሰው አልነበረም።